መርዶን የቀደመ አውሮፕላን

የአሰላ አውሮፕላን ማረፊያ ወኪል ሆኜ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን የሠራሁት ሥራ ከብት ማባረር ነበር። ማረፊያው የሣር ሜዳ ነው። ዳኮታዋ አውሮፕላን ከመድረሷ በፊት ላሙንም ፈረሱንም አስወጣለሁ፤ የነፋስ ማመልከቻውን ከረጢት እሰቅላለሁ፤ መንገደኛውን ከነጓዙ እመዝናለሁ። ማዕረጌ ወኪል ይባል እንጂ ዘበኛውም ተሸካሚውም እኔው ነኝ።

ከሁሉ የሚያደክመኝ የሰዓት ጥያቄ ነበር። "ጎንደር ስንት ቀን ይፈጃል?" ይሉኛል። "ጠዋት ከዚህ ተነስተው፣ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይረው፣ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ነዎት" ስላቸው፣ "አይ አንተ!" ብለው ይስቃሉ። በበቅሎ ወር የሚፈጅ መንገድ ነዋ! እኔ ደግሞ ይነድደኛል። የሰዓት ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ለጌጥ አይደለም።

አንድ ጥቅምት፣ አመሻሹ ላይ፣ ባለሱቁ ሐጂ ቃሲም መጡ። ጎረቤታቸው ሙሉጌታ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ እናቱ ታመዋል ተብሎ በማግስቱ ጎንደር ሊሄድ ቲኬት ቆርጧል።

"አርፈዋል" አሉኝ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሱ አልሰማም። ስንት ሰዓት ይደርሳል?"

"አሥር ሰዓት ላይ።"

"ወላሂ ፈጠነ! ደጁ ላይ ድንኳን ተጥሎ ሊያገኝ ነው እኮ፣ ያውም ብቻውን! አዲስ አበባ እህቱ አለች፤ መርዶውን የላከችብኝም እሷ ናት። እሷ ዘንድ ይደርና ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ያርዳው። የጎንደሩን አውሮፕላን አዘግይልኝ።"

"ሐጂ፣ አውሮፕላን እኮ ጋሪ አይደለም።"

"ጋሪ ቢሆንማ መች እለምንህ ነበር።"

አዲስ አበባ ያለውን አለቃዬን በሬዲዮ ጠራሁት። "ቲኬት አለው፣ ይሂድ። የቀጠርንህ ሰው እንድታሳድር ነው?" አለኝ።

"መርዶ ነው" አልኩት።

"እሺ፣ ከነገ ወዲያ በሚሄደው አስገባዋለሁ" አለ።

ጠዋት ሙሉጌታ ሻንጣውን ይዞ ሚዛኑ ላይ ወጣ። "የጎንደሩ ነገ ነው የሚነሳው፤ ዛሬ እህትህ ጋ ታድራለህ" አልኩት።

ሰሌዳውን አየ። "ዛሬ ይላል እኮ።"

"ጎንደር ደመና ነው።"

"በጥቅምት?"

ሚዛኑን መነካካት ጀመርኩ። እሱም ሳይወርድ እዚያው ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"እህቴ ሰምታለች?" አለኝ።

"ሰምታለች።"

መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። "እንግዲያው እኔ አልሰማሁም። ሲነጋ ዘመዶቼ ይንገሩኝ። ደመና ነው ብለኸኛል፣ ደመና ነው።"

ሐጂ ቃሲም ሊሸኙት መጥተው "አይዞህ፣ ይሻላቸዋል" አሉት። "አሜን" ብሏቸው ተሳፈረ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሰዓት ይፈጃል ለሚለኝ ሁሉ፣ ሰሌዳውን ከማየቴ በፊት ለምን እንደሚሄድ እጠይቅ ነበር። አዲስ ወኪሎችም እንዲሁ ቢያደርጉ ይሻላል።