ዳክዬዋን የከሰስኩ ለታ

መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም ለዚሁ ተስማማኝ። ከወልቂጤ እየተነሳን የዱር ዳክዬዎች ጀርባ ላይ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ እናስራለን፤ ከዚያ ድምፁን በአንቴና እየተከተልን የዶሮ በሽታ ያዛምቱ እንደሆነ እናያለን። ያን ሰሞን የአንዷ ዳክዬ ድምፅ በቡታጅራ በኩል፣ እናቴ መንደር ሥር ካለው ረግረግ አልወጣ አለ።

እናቴ ደወለች። «ዶሮዎቼ አለቁብኝ፤ የጎረቤትም ጀምሯል» አለችኝ። ቁርስም ሳልቀምስ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ እግሬ አላርፍ ቢል አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው፣ ጉንዳን ገባብህ እንዴ?» አሉኝ።

ስደርስ ጎረቤታችን አዛውንቱ በራችን ላይ ቆመዋል። አንቴናዬን ዘረጋሁ። «ይኼ ደግሞ የምን ዲሽ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ድምፁ ከረግረጉ መጣ። የምርመራ ውጤት እንኳ ሳልጠብቅ «ያቻት፣ በሽታውን ያመጣችው!» ብዬ በጣቴ ጠቆምኩ። አይ የኔ አፍ! ከሞቱት ዶሮዎች ናሙና ወስጄ በመጣሁበት ተመለስኩ።

በሳምንቱ ውጤቱ ደረሰ። የዶሮዎቹ በሽታ ፈንግል ነው። ማሰራጫውን ስናስርባት ከዳክዬዋ የወሰድነው ናሙና ግን ንጹሕ ነው። እናቴ ዘንድ ከነፍኩ።

«እማዬ፣ መጀመሪያ የሞተው የትኛው ነው?»

መጥረጊያዋን አንስታ የተጠረገውን ደጅ እንደገና መጥረግ ጀመረች። ሦስቴ ጠየቅኋት።

«ያንተ አውራ ዶሮ» አለች በመጨረሻ።

በሽታው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ልጠይቃት ስመጣ፣ እናት ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብዬ ከገበያ ገዝቼላት ነበር። የገበያ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይታሰር እያልኩ አገሩን ሁሉ የማስተምረው እኔ!

«ነግሬሽ አልነበር?»

«ነግረኸኛል። ልጄ ያመጣልኝን እንዴት ብዬ እንደ ሌባ ለብቻው ላስረው? ከዶሮዎቼ ጋር አሳደርኩት። አሁን ዝም በል፤ በዳክዬዋ ይለፍ። ሐሜት እሷን ምን ያደርጋታል?»

ዝም ማለት አልቻልኩም። አፍሬ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። «አባባ፣ በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዳክዬዋ ምንም አላደረገች።»

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ! «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉና ከኪሳቸው የተለበለበ ማሰራጫ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ስላልክ የረግረጉን ቄጠማ ትናንት አቃጠልነው። ሌሎቹ ዳክዬዎች በረሩ። እሷ እንቁላል ታቅፋ ስለነበር አልነሳም አለች።»