ባሌ እንዳይተኛ የዘፈንኩት

ፍርሃት ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው ይላሉ። የኔ ጉልበቴ ላይ ነበር። ባሌን እፉኝት የነደፈው ቀን ከማሽላው መሃል እስከ ጎጇችን ያለችውን አጭር መንገድ ስሄድ ሦስት ጊዜ ተንበርክኬአለሁ፤ ለጸሎት ግን አልነበረም።

ዘመኑ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ የሄደበት፣ ክፉ ቀን ገና ያልመጣበት ነው። ቤታችን አንኮበር ነበር፤ ማሽላችን ግን ከገደሉ በታች፣ ሙቀቱ በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ። በገና ጾም አጨዳው ሲደርስ ወርደን እዚያ በሠራናት ጎጆ እንሰነብታለን፤ እኔ፣ ባሌና የባሌ አባት። አማቴ ደብተራ ነበሩ። እርሻ አይሆንላቸውም፣ ማጭድም ሲይዙ ለራሳቸው እግር ነው የሚያሰጉት፤ ነገር ግን ብቻቸውን ከተማ መቅረት ስለማይወዱ በገናቸውን ተሸክመው አብረውን ይወርዳሉ።

ስለዚያ በገና ልናገር። አንኮበር ውስጥ እንቅልፍ ያጣ፣ ልቡ የተሸበረ፣ ሐዘን ያልወጣለት ሰው ሁሉ የአማቴን ደጅ ያውቀዋል። ገብቶ ይቀመጣል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይደረድራሉ፣ ሰውየው ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ይወርዳል። እኔ በነገር ሁሉ የማምን ሴት አይደለሁም፤ ግን ሴት ልጃችን በሦስት ዓመቷ በትኩሳት የሞተች ሰሞን እኔን ያስተኛኝ ያ በገና ነው። በሌላ ነገር ሁሉ ከአማቴ ጋር እንጣላ ነበር፤ ወጥሽ ጨው የለውም ይሉኛል፣ እኔም ምላስዎ ነው የደነዘዘው እላለሁ። በገናቸውን ግን ነክቼባቸው አላውቅም።

ያን ቀን ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ባሌ ትናንት ያጨደውን ማሽላ ሊከምር አንድ እቅፍ አነሳ። እፉኝቱ ከስር ተጠምጥሞ ነበር። ባሌ አልጮኸም። «ነደፈኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ነጥብ ደም አየሁ። አብረውን የሚያጭዱት ሦስት ጎረቤቶች አንሥተው ወደ ጎጆ ወሰዱት፤ አንደኛው ከታች ካለው የአርጎባ መንደር መድኃኒት አዋቂዋን ሊጠራ ሮጠ።

አዋቂዋ እስኪመጡ ድረስ ባሌ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሱ ይፋጫል፣ ልብሴን ጨብጦ «አትልቀቂኝ» ይለኛል። እግሩ ዓይናችን እያየ ያብጣል። ለአማቴ አንድ ልጃቸው ነው፤ ፊታቸው አመድ ለበሰ። የሚያውቁትን አደረጉ። በገናውን ከግድግዳው አውርደው ራስጌው ተቀመጡና ይደረድሩ ጀመር።

እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን ደርድረው አያውቁም። የወፍራሙ አውታር ድምፅ መሬቱን ይዞ እኔ እግር ሥር ድረስ ይመጣል። የባሌ መንቀጥቀጥ ቀነሰ። እጁ ከልብሴ ላይ ላላ። ፊቱ እንደ ሕፃን ለሰለሰ፣ ሽፋሽፍቱም ወረደ። እኔ ደስ ብሎኝ ጎንበስ አልኩና የአማቴን ጉልበት ሳምኩ።

አዋቂዋ በር ላይ ደረሱ። ቀጭን አሮጊት ናቸው፣ ቅጠል በነጠላ ቋጥረው ይዘዋል። ባሌን አዩ፣ በገናውን አዩ፣ ቋጠሮውን ጣሉና መዳፋቸውን በአውታሮቹ ላይ ጫኑ። ድምፁ ተቆረጠ።

«ልጅዎን እየገደሉት ነው» አሏቸው። «መርዙ ከእንቅልፍ ጋር ነው ወደ ልብ የሚሄደው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዓይኑ እንዳይከደን።»

አማቴ እጃቸውን አገላብጠው ያዩታል፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከዚያ ወጥተው ከጎጆው ኋላ ተቀመጡ። እኔም የሳምኩትን ጉልበት ሳስብ አፌ መረረኝ።

አዋቂዋ «ቢስሚላሂ» ብለው እግሩን አሰሩ፣ ቅጠሉን ወቅጠው ጨመቁበት፣ መራራ ነገር አጠጡት። ከዚያ ወደ አጫጆቹ ዞረው «በሉ ጩኹ» አሉ። ከአጫጆቹ አንዱ ቅል ገልብጦ እየደበደበ፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ፉከራ ጀመሩ። መጀመሪያ ሠራ። ባሌ ራሱ አንድ ሁለቴ አብሮ ሊል ሞከረ። እየቆየ ግን ፉከራው ለጆሮው እንደ ዝናብ ሆነ፤ ሰው ዝናብ ለምዶ እንደሚተኛ ሊተኛ ሆነ። ውሃ ረጨንበት። ጉንጩን መታሁት፤ እኔ በሕይወቴ እጄን በሰው ላይ አንሥቼ አላውቅም፣ በምላሴ ካልሆነ።

«ተዉኝ፣ ትንሽ ልተኛ» ይለናል። «ትንሽ ብቻ።» ሲለምን ድምፁ የልጃችንን ይመስላል። ጆሮዬን ልደፍን ፈለግሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን አዋቂዋ ወደ እኔ መጡ። «ደስ የሚያሰኝ ነገር አያነቃውም፣ ልጄ። የሚያናድደውን ዘፍኚለት። የሚያናድደውን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?»

ገባኝ፤ ስለገባኝም ፈራሁ። የኛ አገር ሴት ስትፈጭ ታንጎራጉራለች፤ ባሏንም አማቷንም ወፍጮው ላይ ሆና የልቧን ትላለች። ወፍጮ ላይ የተባለ ነገር አይጠየቅም። የሰማ ባል እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል፣ ሴቲቱም ዱቄቷን ሰብስባ ስትነሳ እንዳላለች ትሆናለች። ስንቱ ትዳር በዚህ ቆሟል። ያንን ከወፍጮው አውጥቶ ፊት ለፊት፣ በሰው መሃል ማለት ነውር ነው። ግን የባሌ ራስ ወደ ትከሻው እየወደቀ ነበር። ጀመርኩ።

ስፈጭ ውዬ ስፈጭ ክንዴ እየዛለ፣
ጎበዙ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሞቆ ዋለ።

አጫጆቹ ማጨብጨባቸውን አቁመው ተያዩ። ባሌ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ያን ቀን ወገቤን አሞኝ ነበር» አለ።

«በሉ አጨብጭቡ» አልኳቸው።

ጅቡ መጣ ሲባል በጎቹን አስገባ፣
እኔን ደጅ አቁሞ በሩን ዘግቶ ገባ።

አንደኛው አጫጅ ሳቁ አመለጠው። ባሌ ቀና ሊል ሞከረ። «ውሸታም! ጅቡ ሩቅ ነበር፤ አንቺም ደጅ መሆንሽን አላወቅሁም።» ተናደደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተናደደ። እኔም ቀጠልኩ። ስስታምነቱን፣ ማንኮራፋቱን፣ በገበያ ተታሎ የገዛውን አንካሳ በቅሎ፣ አንድም አላስቀረሁ። ሲመልስልኝ እፎይ እላለሁ፣ መልሱ ሲያጥር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ያን ያህል የተሰበሰበ ነገር እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር።

ግን ሁሉም ነገር ያልቃል። ፀሐይዋ ወደ ገደሉ ጫፍ ስትጠጋ ግጥሜ አለቀ። የተባለውን ደገምኩት፤ የተደገመ ስድብ ደግሞ አያናድድም። ባሌ መመለስ ተወ። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። አዋቂዋ ደረቱ ላይ እጃቸውን አድርገው አዩኝ።

አንድ ቀርታኝ ነበር። እሷን ወፍጮ ላይ እንኳ ጮክ ብዬ ብያት አላውቅም፤ ድንጋዩ ሲያጓራ ከሥሩ ነው የምላት። ልጃችን በትኩሳት ስትነድ ጠበል እንውሰዳት ብዬ ለምኜው ነበር። ነገ አለ። በማግስቱም ነገ አለ። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሁለት ዓመት አብረን በላን፣ አብረን ተኛን። ይህችን ካልኩ ባሌ በሕይወት ቢተርፍ እንኳ እኔን ባል ሆኖ እንደማያየኝ አውቄአለሁ። ካላልኳት ግን የሚያየኝ ሰው አይኖርም። ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

ነገ ነው ጠበሉ ብለህ ስታቆየኝ፣
ልጄን አፈር ወስዶ አንተን አስቀረልኝ።

ቅሉን የሚደበድበው ሰው እጁ ቆመ። ባሌ ሁለቱንም ዓይኖቹን ገለጠ። አልተናደደም። እኔን አየኝ፤ እንባው ወደ ጆሮው እየወረደ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ማንም መዝፈን አላስፈለገውም። ፀሐይዋ ከገደሉ ኋላ እስክትገባ ዓይኖቹን አንዴም አልከደናቸውም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አዋቂዋ። «አሁን ይተኛ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሌሊቱን ትንፋሹን ስቆጥር አደርኩ። እንዳይነቃ ሆኖ ይቀር ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ነቅቶ ምን ይለኝ ይሆን ብዬም ፈራሁ። የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አልናገርም።

ሲነጋ ውሃ ጠየቀኝ። ሳጠጣው ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰስኩት።

«ነገ ያልኩሽ ጠበሉ ርቆኝ መስሎሽ ነው?» አለኝ።

«ሌላ ምን ላስብ?»

«ፈርቼ ነው። ወስደናት ባትድን ከዚያ ወዲያ የምንሄድበት የለም። ነገ እያልኩ ሳቆያት ገና መዳኛ የቀራት ይመስለኝ ነበር።»

ከአንድ ቀን በፊት ይህን ቢለኝ ኖሮ የምመልስለትን አውቀዋለሁ፤ ምላሴን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስፈራ የዋልኩ ሴት ነበርኩ። ፍርሃት ሰውን እንዴት እጁን እንደሚያስረው ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ቢሆንም ይቅር አላልኩትም፤ ወዲያው የሚባል ነገር አይደለም።

«ስሟን ጥራው» አልኩት።

ከተቀበረች ጀምሮ በኛ መሃል ያልተጠራ ስም ነው። ትናንት ሲለምነን የዋለ ጉሮሮው ሻክሮ ስለነበር መጀመሪያ አልወጣለትም። ከዚያ ጠራው። እንደገና ጥራው አልኩት፤ እንደገና ጠራው።