ከበረሃ የመጣው ክኒኔ

መጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው። በናዝሬት ሙቀት፣ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያልበው፣ እኔ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤት ሲስቅብኝ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴ አበጠ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ድምፄ ጎረነነ። በመጨረሻ እልልታዬ ጠፋ።

በሠፈራችን እልልታ የሚጀመረው በእኔ ነው። የልጄ የሰሚራ ኒካ ደግሞ ሦስት ወር ቀርቶታል። የራሴን ልጅ ዝም ብዬ ልሸኛት ነው? አለቀስኩ።

እንቅርቴን በቀዶ ሕክምና ካስወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የታይሮይድ ዕጢዬ አብሮ ስለወጣ በየቀኑ ሊቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን እወስዳለሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም። ሐኪሙ ግን የደም ምርመራዬን፣ ቲኤስኤች የሚባለውን አየና «ክኒኑን አቁመዋል እንዴ?» አለኝ። ተናደድኩ። «ከየት ነው የሚገዙት?» ሲለኝ «ባሌ ነው የሚያመጣልኝ» አልኩት።

ባለቤቴ ከድር ከሞጆ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «የውጩን አመጣልሻለሁ» ብሎ ዓመት ሙሉ ክኒኔን የሚያመጣው እሱ ነበር። ቦታ እንዳይዝበት ካርቶኑንና የመመሪያ ወረቀቱን ይጥልና እሽጉን ብቻ በስኳር ቆርቆሮ አጭቆ ከፊት መስታወቱ ሥር ያስቀምጠዋል። የበረሃው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

የቀረኝን እሽግ ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ በስልኳ የመድኃኒት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ከፈተች።

«ይሄ ለማንም ክፍት ነው፣ እናቴ። እርስዎም ማየት ይችላሉ» አለችኝ። የአምራቹን ስም ፈለገች። የለም። «የለም ማለት የውሸት ነው ማለት አይደለም። እዚህ አገር መርምሮ የመዘገበው የለም ማለት ነው። ምን እንደዋጡ ልነግርዎ አልችልም።»

ከዚያ የተመዘገበውን አምጥታ ወረቀቱን ዘረጋችና በአማርኛ አስረዳችኝ። ከሙቀት ይራቅ። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይወሰድ። እኔ እቴ፣ በወተት ሻይ ነበር የማወራርደው!

ቤት ገብቼ ስነግረው ከድር ራሱን ያዘ። «ገደልኩሽ!» አለ። «አልሞትኩም፣ አትቸኩል» አልኩት።

በአዲሱ ክኒን ሳምንታት ሲያልፉ ጋቢው ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፣ የፊቴ እብጠት ጎደለ፣ ደረጃውን ሳላርፍ መውጣት ጀመርኩ፤ አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ሳላስበው ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁትና ልብሱን እንዳቀፍኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ሐኪሙም ውጤቱን አይቶ «አሁን ተስተካክሏል» አለኝ። እሱንም፣ ያቺን የመድኃኒት ቤት ልጅም አላህ ያክብርልኝ።

እንደ እኔ ክኒን የዕለት ጓደኛችሁ የሆነ ሁሉ፣ ወረቀቱን አትጣሉ። ካልገባችሁ አስነብቡ። መመዝገቡን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ መልሱም የተደበቀ አይደለም።

የኒካው ዕለት ሰሚራ ከደጃፍ ስትወጣ እልልታዬን ጀመርኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። እነሱ ደክሟቸው ዝም ሲሉ እኔ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ከድር ዓይኑን እየጠረገ እጄን ያዘኝ።

«ኧረ በቃሽ አቦ! ሙሽሮቹ እኮ ከሄዱ ቆዩ።»