የስንሻው ወጥ ሥራ ማንን ነው የሚያሳፍረው?

መምህር ስንሻው አረፈ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ከሞጣ ሲደወልልኝ "የትኛው ስንሻው?" ብዬ ጠየቅሁ፤ ሌላ ስንሻው የማውቅ ይመስል። ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር። አሁንም አላመንኩም።

አልቅሼ ሳይወጣልኝ ግን ንዴት ቀደመኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቀብሩ ነገ ነው። ከልጅነት ጓደኞቹ የቀረሁት እኔ ነኝና የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ ቤተሰቡ ጠየቀኝ። እንባዬን እየጠረግሁ ጽፌ ላክሁላቸው። ከሰዓት በኋላ ትልቁ ልጁ ደወለ።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ስለ ወጥ ሥራው ያለውን ብናወጣውስ? የተከበረ ሰው ነው፣ ሕዝብ ፊት ነው የሚነበበው። ሰው ይስቃል።"

"ማን ነው የሚስቀው?" አልኩት።

"ያው... የተማሪነት ነገር ነው ብለን ነው እንጂ።"

የተማሪነት ነገር! እሺ። እነሱ ካፈሩበት እኔ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቢቸና አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተን ስድስት ተማሪዎች እንኖር ነበር። እሱ ከሞጣ፣ እኔ ከቢቸና ገጠር፣ ሌሎቹም ከየቀያቸው። ያኔ ተማሪ ስንቁን ከቤቱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። እሱን በሣጥን ይቆልፍና ለየብቻው እሳት አንድዶ፣ ለየብቻው ድስት ጥዶ ይበላል። ስድስት ልጅ፣ ስድስት ድስት! ግማሹ ያሳርራል፣ ግማሹ ጥሬውን ይውጣል። ስንቁ ያለቀበት ደግሞ ደብተሩን ይዞ አገሩ ይገባል። ትምህርቱም በዚያው ይቀራል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን የኔ አለቀ። አባቴ ታሞ ነበርና የሚልክልኝ አልነበረም። ልብሴን ስጠቀልል ስንሻው አየኝ። "ወዴት ነው?" አለ። ነገርኩት። ሣጥኑን ከፍቶ ሽሮውንና በርበሬውን አወጣ። ሌሎቹንም "አውጡ!" አላቸው። እያጉረመረሙ አወጡ።

"ከዛሬ ጀምሮ ድስቱ አንድ ነው። ያለው ያምጣ፣ የሌለው ያማስል!"

ይቺን ቃሉን የማያውቅ ተማሪው የለም። መምህር ሆኖም አፉ ላይ ነበረች።

አሠራሩ ቀላል ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ሽንኩርት እየከተፍን እናለቅሳለን፣ እሱ በትልቁ ድስት የሳምንቱን ቁሌት ይሠራል። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልቶ፣ በርበሬና የኑግ ዘይት ጨምሮ፣ ውሃው ሁሉ እስኪመጥ ያማስለዋል። ውሃ ከቀረበት ቶሎ ይሻግታል ይለን ነበር። ከዚያማ በየቀኑ በጭልፋ ቀንሶ፣ ውሃ አፍልቶ፣ ሽሮ ነስነስ ማድረግ ብቻ ነው። ከትምህርት ስንመለስ ምሳ ወዲያው ይደርሳል።

መጀመሪያ ላይ ተሳስቶ ነበር። እናቱ የላኩለትን ቅቤ እንዳለ ቁሌቱ ውስጥ ጨመረው። ሰኞና ማክሰኞ እንደ ሠርግ ቤት በላን። ረቡዕ አንዱ የቄስ ልጅ "ዛሬ ጾም አይደለም እንዴ?" አለ። የሞላ ድስት ከበን ድርቆሽ በውሃ እያራስን በላን፤ ዓርብም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ቅቤ ለብቻዋ ተቀመጠች፤ በፍስክ ቀን ብቻ ሽሮው ላይ ጠብ ያደርግልናል።

ትምህርት ቤት ግን "እሜቴ ስንሻው" የሚል ስም አወጡለት። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ድስት ይዞ መታየቱ ውርደት ነበር። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ከበው ሲስቁበት አንዱ ወደኔ ዞረና "አንተም የእሜቴን ወጥ ነው የምትበላው?" አለኝ።

"እኔ? እኔ የራሴ ስንቅ አለኝ!" አልኩ።

ስንሻው አጠገቤ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ቤት ስንገባ ድርሻዬን እንደወትሮው አቀረበልኝ። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለኝ።

የበላሁበትን ወጪት የሰበርኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ልጁን በምን አፌ ልቆጣው? ግን ተቆጥቻለሁ! ዲፕሎማው ይነበባል፣ የተሸለመው ካባ ይነበባል፣ ስድስት ልጅ ያስተማረው ድስት ያሳፍራል? ከስድስታችን አንድም ልጅ ትምህርቱን አላቋረጠም እኮ!

ስንሻው ወንድሜ፣ ያን ቀን ካድኩህ። ሁለታችንም አረጀን፣ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁህም። ነገ በጠዋቱ መኪና ሞጣ እመጣለሁ። ወረቀታቸውን አንብበው ሲጨርሱ ተነስቼ "እኔ የስንሻውን ወጥ እየበላሁ ነው የተማርኩት" እላለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።

ደህና ሁን፣ ስንሻው። ምነው ቆመህ በሰማኸኝ።