ዕዝራ የተገመገመበት ልብ ወለድ

ጋሽ ዕዝራ በ1995 ዓ.ም. ወደ ጂንካ ተመድቦ ሲመጣ ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ይህን ያጫወተኝ ራሱ ነው፤ ባጫወተኝ ጊዜ ግን አሥራ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የደብረ ሲና ሰው ነው። ሙቀት አይወድም፣ አቧራ አይወድም፣ በጠራ ሰማይ ጃንጥላ ይዞ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አቋርጦ ቢሮ ይገባል። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ያስተይበኛል፤ ከዚያ አንብቦ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ከትቶ ይረሳዋል። ለምን እንደማይሄድ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መጽሐፍ ይዞት ነው።

እኔ ሐቢባ እባላለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልናገርም፣ ዛሬም ደመወዜን የምቀበለው ከዚያው ነው። የዕዝራ ሥራ ከየወረዳው የሚመጣውን የእንስሳት ቁጥር መደመር ነበር፤ ስንት ከብት ተከተበ፣ ስንት ፍየል ሞተ። አንድ ጊዜ ለክትባት ዘመቻ ኦሞራቴ ሄዶ ሦስት ወር ከረመ። እዚያ በዚያ ፀሐይ ሰው ሁሉ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ ሲውል አይቶ፣ ጥላ በግብር ቢከፈልስ የሚል ሐሳብ መጣበት። ከዚያ ወዲያ ሰውየው አልዳነም።

መጽሐፉ «ጥላ ከፋዮች» ይባላል። ዛርሜ በምትባል አገር ንግሥቲቱ ግብር የምትሰበስበው በጥላ ነው፤ የከፈለ ሰው ፀሐይ ላይ ሲቆም ከእግሩ ሥር ምንም አይታይም። ሚሳ የምትባል ጀልባ ቀዛፊ የእናቷን ጥላ ልታስመልስ ትነሣለች። የሚናገር ተራራ አለ፣ ክንፍ ያለው ጅብ አለ፣ ጦርነት አለ። በመጨረሻው ገጽ ሚሳ ጥላውን በነጠላ ጠቅልላ ወንዙን ስትሻገር፣ ልክ መሃሉ ላይ ጀልባዋ ውኃ ማስገባት ትጀምራለች። ከዚያ በትልቁ «ቅጽ አንድ ተፈጸመ» ይላል።

የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ በምሳ ሰዓት። የመጨረሻዋን መስመር ጨርሼ ቀና ስል ዕዝራ አጠገቤ ቆሟል፤ የጠየቀኝ ግን የፊደል ግድፈት እንዳለ ነው። የለም አልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እኔም ኩራተኛ ነኝ፣ ያልተጠየቅኩትን አልናገርም።

አዲስ አበባ ሄዶ አሳተመው፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖም አመጣው። ከኮንሶ ወዲህ ዝናብ ስለመታው ግማሹ መጽሐፍ እንደተጠበሰ ቆዳ ተጠቅልሎ ነው ጂንካ የገባው። ሆኖም ተነበበ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምረው ይሁኔ እስከ ሰማንያኛው ገጽ ድረስ ስም ብቻ ነው አለ፤ የሰው ስም፣ የወንዝ ስም፣ የጅብ ስም። ከሰማንያ በኋላ ግን ሳያስቀምጥ እንደጨረሰው ሲጠየቅ ያምናል፤ ሲያምን ግን ፊቱ ይኮሳተራል። ቱርሚ ላይ ሆቴል ያላት ቲቲ ሁለት ጊዜ አንብባው፣ ሚሳን የሚያገባ አንድ ወንድ እንኳ በመጥፋቱ ሁለት ጊዜ ተናደደች። ካኮ ገበያ ላይ አንድ ጨው ነጋዴ ያቺ ንግሥት የጎረቤቴ ሚስት ናት ብሎ ማለ። የጎረቤቱ ሚስት ይህን ሰምታ ሦስት ቅጂ ገዛች።

ዕዝራ ሁሉንም ይሰማል። ሱሪውም እየሰፋው ሄደ። አንድ ቀን የዝውውር ማመልከቻውን አስተየበኝና እንደ ልማዱ ኪሱ ሳይከት ጠረጴዛዬ ላይ ተወው።

«ሰው ቀጣዩን ከፈለገ እጽፋለሁ» አለኝ። «ካልፈለገ ግን ይህን አስገቢልኝ፤ አገሬ ልግባ።»

የምሩን ነበር። ሰው ፈልጎ እንደሆነ ለማወቅም የመጽሐፍ ውይይት ሊያዘጋጅ ወሰነ። አዳራሽ ስለሌለው የመሥሪያ ቤታችንን ኃላፊ አቶ ጉታን ለመነ። ጉታ ሰብሳቢው እሱ እስከሆነ ድረስ አዳራሹን ለቅዳሜ ጠዋት ፈቀደ። መጽሐፉን ከሽፋኑ አላለፈም ነበር፤ ስብሰባ ለመምራት ግን ማንበብ ግዴታ ሆኖ አያውቅም።

ሃያ አንድ አንባቢ መጣ። እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝኩ። ጉታ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የዛሬው መድረክ ዓላማ የመጽሐፉን ጠንካራና ደካማ ጎኖች ለይቶ የቀጣይ አቅጣጫ ማስቀመጥ ነው ሲል ክው አልኩ። ውይይት የተባለውን ግምገማ አደረገው። ክፋት አልነበረውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ከሰበሰበ ሌላ የሚያደርገውን ስለማያውቅ ነው። ከዚያ ወደ ዕዝራ ዞሮ ግለ ሂሱን እንዲያቀርብ ጋበዘው።

ዕዝራ አንባቢዎቹን የሚጠይቀውን አንዲት ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ይዞ ነበር፤ እጁ ላይ አይቻታለሁ። ነገር ግን አሥራ ሦስት ዓመት የተገመገመ ሠራተኛ ግለ ሂስ ሲባል እግሩ ሳያማክረው ይቆማል። ቆመ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ጦርነቱን በማንዛዛት የጊዜ አጠቃቀም ችግር እንደነበረበት አመነ። ስም በማብዛት አንባቢን አንገላቷል። ተራራው የሚናገረውን አስቀድሞ ባለማቀዱም ተራራው ሁለት ቦታ ላይ ራሱን ተቃርኗል።

ይሁኔ እጁን አውጥቶ ግለ ሂሱ ጥልቀት ይጎድለዋል አለ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ማን ይያዘው። አንዷ፣ ጅቡ ክንፍ ካለው ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ምን አስኬደው ብላ ጠየቀች። አንዱ፣ ንግሥቲቱ የሰበሰበችውን ጥላ የት እንደምታስቀምጥ ስለማይታወቅ የንብረት አያያዝ ክፍተት አለ አለ። አንድ ጡረተኛ ተነሥተው መጽሐፉን በጣም እንደወደዱትና ሲያነቡ ምሳቸውን እንደረሱ ተናገሩ፤ ጉታ አስተያየቱ ወደ ውዳሴ ያዘነበለ ስለሆነ በደካማ ጎን ላይ እንዲያተኩሩ አሳሰባቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ ፊደሉ ደቃቃ ነው ብለው ተቀመጡ።

መጨረሻ ላይ የበራችን ጥበቃ ቦሼ ተነሣ። የአሪ ሰው ነው፤ አማርኛን የለመደው አድጎ ነው፤ መጽሐፉን ግን ከማንም በላይ በጥንቃቄ ያነበበው እሱ ነው።

«ተራራው ይናገር፣ እኔ አልቃወምም» አለ። «ጅቡም ይብረር። ግን ጋሽ ዕዝራ፣ ሰዎቹ አራት መቶ ከብት ነዱ፣ ሰባት ቀን ሄዱ። ከብቱ ውኃ አልጠጣም። አንድ ቀን እንኳ አልጠጣም። እኔ ቆጥሬያለሁ።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ ዕዝራ ዞረ። የሰውየው ሥራ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዕዝራ በጣቶቹ ቀኖቹን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

«ልክ ነህ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አልቀዋል።»

ጉታ እጅ አስወጣ። አሥር ሰው ወደደው፣ አሥር ሰው አልወደደውም፤ ቦሼ ከብቶቹ ሳይጠጡ አቋም አልይዝም ብሎ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ድምፅ ስለሌላት እኔን የጠየቀኝ የለም። ሦስት ውሳኔዎች ተወሰኑ፦ ስም እንዲቀነስ፣ የጥላው መጋዘን እንዲገለጽ፣ ከብቶቹ እንዲጠጡ። መጽሐፉ «መካከለኛ» የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ስብሰባው ተዘጋ። ቀጣዩ ቅጽ መቼ ይወጣል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ዕዝራ ያቺን ወረቀት አጣጥፎ፣ ሲወጣ በአጠገቤ እያለፈ፣ ማመልከቻውን ሰኞ እንዳስገባለት ነገረኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ። በጉታ ተናደድኩ፣ በይሁኔ ተናደድኩ፣ ዝም ብላ በምትጽፈው በራሴ ከሁሉም ይበልጥ ተናደድኩ። ሰውየው ደብረ ሲና ገብቶ ጋቢውን ሲለብስ፣ ሚሳ ከነእናቷ ጥላ ወንዝ መሃል ልትቀር ነው።

ሰኞ ጠዋት ቃለ ጉባኤውን መተየብ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የተባለውን እንደተባለው ጻፍኩ። ከዚያ ተራ ቁጥር አራት ብዬ፣ ደራሲው ቅጽ ሁለትን ጽፎ እስከ ሰኔ ሠላሳ እንዲያቀርብ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል አልኩ። እንዲህ ስጽፍ አልፈራሁም ብል ውሸቴን ነው። ግን የከተማችንን ሰው አውቀዋለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ይፈርማል እንጂ አያነብም። ይሁኔን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሽማግሌውን ከቤታቸው ደጅ አስፈረምኩ። ቦሼ ብቻ ተራ ቁጥር ሦስትን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ የከብቶቹ ውኃ መኖሩን ሲያረጋግጥ ደስ ብሎት ፈረመ፤ ከዚያ በታች አልወረደም። ዕዝራም ስልክ እያናገረ ፈረመ። በውሳኔው መሠረት የግዴታ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ጉታ ፊት ከሌሎች አሥር ደብዳቤዎች ጋር አቀረብኩ። ፈረመ። ማኅተሙን እኔው መታሁት፤ ማመልከቻውን ግን አላስገባሁም።

ማክሰኞ ከሰዓት ዕዝራ ደብዳቤውን ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ይህ መቼ ተወሰነ አለኝ። ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ የገዛ ፊርማውን አሳየሁት። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ሐቢባ፣ እውነት ሁሉም ፈልገዋል?»

ልዋሸው እችል ነበር፤ የሃያ አንድ አንባቢ ፊርማና አንድ ማኅተም ነበረኝ። ነገር ግን ዓይኑን ሳየው አሳዘነኝ፣ ወኔም ከዳኝ።

«አልፈለጉም» አልኩት። «አራተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የፈለግኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ውኃው ጀልባዋን እየሞላው ነው፤ ከተየብኩት ቀን ጀምሮ ሚሳ አንድ ቀን እንኳ ከሐሳቤ ወጥታ አታውቅም። እባክህ ምን እንደምትሆን ንገረኝ።»

ዕዝራ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበበው፤ ቀኑ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

«ሰኔ ሠላሳ አይደርስልኝም» አለኝ። «ማራዘሚያ ጠይቂልኝ።»