የአባባ ዘር ቆጠራ የጠፋ የመሰለኝ ቅዳሜ

ትናንት ልጄ ስልኬን ይዛ «እማዬ፣ ይሄ አፕ ተበላሽቷል፤ አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?» ስትለኝ «ተይው! እጅሽን አንሺ!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። እኔም በራሴ ደነገጥኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ያ የሞላሌ ቅዳሜ ግን ዛሬም ከሆዴ አልወጣም።

ያኔ ሞላሌ በምትባል የደጋ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ የሚማረው ወንድሜ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ለቤታችን አምጥቶልን ነበር። አባባ መርሳት ስለጀመሩ፣ ክረምቱን ሙሉ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ዘራችንን በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ነገሩኝ፤ እኔም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩት። ኅዳር ሲገባ የእኔን ስም እንኳ ያምታቱት ጀመር።

ታናሽ እህቴን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሁድ ሊመጡ ነው። ዘር ሳይቆጠር ደግሞ ጋብቻ የለም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ጽሑፉን ላውጣ ብል የመጻፊያው ፕሮግራም አልከፈትም አለ። አጥፍቼ እንደገና እጭነዋለሁ አልኩ። ኮምፒውተሩ አብረው የሚጠፉትን ዘርዝሮ «ልቀጥል?» ሲለኝ፣ ያን ሁሉ ዝርዝር ማን ያነባል! አዎ አልኩት። ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ» እያልኩ የምቆጣው እኔ! ኮምፒውተሩን ዘግቼ ሳበራው መስኮቱም ሥዕሉም የለም፤ ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ።

ቁልፎቹን ሁሉ ነካካሁ፤ ወይ ፍንክች።

«ምነው፣ ምን ሆነ?» አለች እህቴ ከበር ሆና።

«ጠፋ መሰለኝ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ነጠላዋን ጨብጣ ቁጭ አለች። እኔስ ምን ይዋጠኝ? የሚያውቁት አባባ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ረስተውታል።

ወንድሜ የተወልንን ሲዲ ከሳጥን አውጥቼ የጠፋው እንዲመለስ አዘዝኩ። መብራት ቢሄድስ? የቀረውንም ቢጠርገውስ? «እመቤቴ፣ አደራሽን» እያልኩ እስከ ቀትር ፈዝዤ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ስክሪኑ በራ። የጠፉት ፕሮግራሞቹ ብቻ ኖረዋል፤ ጽሑፉ ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም። እህቴ እልል አለች፤ እኔ ግን አላመንኩትም፣ እዚያው ደብተር ላይ ገለበጥኩት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ፊት ስም በስም አነበብኩት። ከነሱ ዘር ጋር የትም አልተገናኘም፤ እህቴም ተፈቀደች። አባባ ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ደግ ዘር ነው» አሉ። «የማን ነው፣ ልጄ?»

ከጥቁሩ ስክሪን ይልቅ ያን ጊዜ ፈራሁ። ትናንትም ከጩኸቴ በኋላ ልጄን «አፑን አጥፊው፣ እሱ ይመለሳል» አልኳትና ያን ደብተር አወጣሁ። እስከ ማታ ሰባቱንም ቤት በቃሏ አስጠናኋት።