ያሸለመኝ ካርታ

ልጅ ሳለሁ የእኛ ሰፈር ሰው ቴሌቪዥን የሚያየው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ የናዝሬት ነፋስ ያለበሰንን አቧራ እንኳ ሳንታጠብ፣ እየተጋፋን ሲሚንቶው ላይ እንኮለኮላለን። ያኔ በተከታታይ ይታይ የነበረው ፊልም ከአንድ የታወቀ የድሮ መጽሐፍ የተወሰደ ነው ይባል ነበር፤ በካርታ እየተመሩ፣ የተቀበረ ወርቅ ፍለጋ ባሕር የሚያቋርጡ ሰዎች ታሪክ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። የሚተረጉምልን የአዳራሹ ዘበኛ አባ ገመዳ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የጨረሱ፣ የፈረንጅ አፍ ያውቃሉ የሚባሉ ሽማግሌ።

«ኢጆሌ፣ ዝም በሉ! አሁን ይሄ ሰውዬ ምን አለ መሰላችሁ?» ብለው ሲጀምሩ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ፊልሙ ሲያልቅም አንለቃቸውም። በረንዳው ላይ ከሰል ያቀጣጥሉና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ እንደገና ያወሩልን ነበር። ፊልሙ ላይ ያላየነው ጅብና የአዋሽ አዞ ሳይቀር ይገባበታል። አንድ ቀን «ሀብት ማለት ወርቅ ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዳይወሰድበት የሚደብቀው ነገር ሁሉ ሀብቱ ነው» አሉንና፣ የየራሳችንን ሀብት ካርታ ስለን እንድናመጣ አዘዙን። የቀበሌው ሊቀመንበርም ይህን ሰምቶ፣ አንደኛ ለወጣ ልጅ ባለቀለም እርሳስና በመጨረሻው ክፍል ቀን ከእሱ ጎን የፊት ወንበር ቃል ገባ።

የእኔን ሀብት ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ወንድሜ ሙሉጌታ ነበር። ያኔ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነው፤ አባታችን ሞቷል፤ እናቴ ያላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዶሮ ቤታችን ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ጭድ ተበትኖበት፣ አፈሳ አለ በተባለ ቁጥር ሙሌ እዚያ ይገባል። ከእኛ ሌላ ይህን የሚያውቁት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ቆርቆሮውን ያዋሱን እሳቸው ነበሩ፤ የራሳቸው ልጅ ከዓመት በፊት ታፍሶ ግንባር ሄዷል። እናቴ «ትንፍሽ ብትይ ምላስሽን ነው የምቆርጠው» ብላኛለች። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። መሳል መናገር አይመስለኝም ነበር!

ቤታችንን ሳልኩ፣ ፓፓያውን ሳልኩ፣ ዶሮ ቤቱን ሳልኩ፤ ከጀርባው በቀይ እስክሪብቶ መስቀል አድርጌ «ሙሌ» ብዬ ጻፍኩበት። አባ ገመዳ ወደ ፋኖሱ አስጠግተው አዩት።  ግራ ቀኙን ቃኙና አጣጥፈው ከሰሉ ላይ ጣሉት። «አይረባም። ሁለተኛ እንዳትስዪው፣ ሰማሽ?» ሲሉኝ ድምፃቸው እንደዚያ ሲሻክር ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቴ ጠቁሮ ሲጠቀለል ቆሜ አየሁ። የጓደኛዬን የፋጡማን ካርታ ግን አመሰገኑ እኮ! የእሷ ሀብት አንዲት ፍየል ነበረች።

እልህ ያዘኝ። እልኸኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። በማግሥቱ ከፊተኛው አሳምሬ ሳልኩትና ራሴው ሊቀመንበሩ ቢሮ ድረስ ወሰድኩት። «አባ ገመዳ አይረባም ብለው አቃጠሉብኝ» ብዬም ከሰስኳቸው። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ዶሮ ቤታችን።»

«ሙሌስ ማነው?»

«ወንድሜ ነዋ!»

ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ! አንደኛ ወጥተሻል» አለኝ። እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ፤ ቅዳሜ ሽልማቴን ይዤ ላስደንቃቸው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ምስጢር መጠበቅ የቻልኩት ያኔ ነው፣ ወይ ጉድ!

የዚያን ቅዳሜ አፈሳ አለ ተብሎ ሙሌ ከጠዋት ጀምሮ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። እኔ አዳራሹ ውስጥ፣ እርሳሶቼን ታቅፌ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ያለው የሊቀመንበሩ ወንበር ባዶ ነበር። አባ ገመዳ መጥተው «ማን ሰጠሽ?» አሉኝ። «ካርታዬን እንደገና ስዬ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት» አልኳቸው ኮራ ብዬ። ባዶውን ወንበር አዩ። ፊልሙ ተጀመረ፤ እሳቸው ግን ዝም። ልጆቹ «አባ ገመዳ፣ ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉ ጮኹ።

«አላውቅም» አሉ። «እንግሊዝኛ አላውቅም። ድሮም ከራሴ እየፈጠርኩ ነበር የማወራላችሁ።» ዱላቸውን አንስተው ወደ እኛ ቤት አቅጣጫ እያነከሱ ወጡ። እኔ አልተነሳሁም። የፊልሙ ሰዎች የወርቁን ሣጥን ከጉድጓድ እስኪያወጡ ተቀምጬ አየሁ።

ቤት ስደርስ ቆርቆሮው ግቢው መሐል ተጥሏል፣ ጭዱ ተበትኗል፣ እናቴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ትነጫለች። አባ ገመዳ ሙሌ ሳይወሰድ አልደረሱም ነበር። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፤ እርሳሶቹን ከእጄ ተቀብለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። እስኪሞቱ ድረስ ለማንም አልተናገሩም። ሙሌ ከሰሜን አልተመለሰም።

እናቴ የጠረጠረችው እትዬ ዘነበችን ነው። «የሷ ልጅ ሄዶ የእኔ ሲቀር አንገብግቧት ነው!» አለች። እሳት ይጫጫሩ የነበሩ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ባላንጣ ሆኑ። እትዬ ዘነበች ደጃችን ድረስ መጥተው «ከአፌ ወጥቶ ከሆነ ግንባር ያለ ልጄን አያሳየኝ!» እያሉ ሲምሉ እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ የልጃቸው መርዶ መጣ። እናቴ ለቅሶ አልሄደችም። «በሐሰት ምላ ነው፤ እግዜር ፈረደ» አለች። እንዲህ እንዳለች፣ እውነቱን ሳልነግራት ሞተች።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ውሸት ነው፤ የእኔ ነቅዟል። ከዚያ ሁሉ ተረት አሁን አንዱንም አሟልቼ አላስታውስም፤ ለልጆቼም አውርቼላቸው አላውቅም። የማስታውሰው የዚያን መርዶ ዕለት ነው። ከእናቴ ተደብቄ እትዬ ዘነበች ድንኳን ገባሁ። ሲያዩኝ ከምንጣፉ ተነሥተው አቀፉኝ፤ እንባቸው አንገቴን አራሰው።

«ከዚያ ቤት አንቺ እንኳ መጣሽልኝ» አሉ። «እግዜር ወንድምሽን በሰላም ያምጣልሽ፣ ልጄ።»

«አሜን» አልኳቸው።